«ክር» ብሎ የጻፈልኝ ዶክተር

መጀመሪያ ማሳከክ ነበር። መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ የአሠሪዎቼን መታጠቢያ ቤት በክሎሮክስ ሳጥብ የግራ እጄን የቀለበት ጣት ከፕላስተሩ ሥር ያሳክከኝ ጀመር። ጣቴ ቁስል አልነበረበትም። በፕላስተሩ የሸፈንኩት ማተቤን ነው። ደላላው የላከኝ በእስላም ስም ስለነበር የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ ዘይነብ ነኝ፤ አንገቴ ላይ ላስረው አልችልም፣ ሻንጣዬን ደግሞ ማዳም ትበረብራለች። ስለዚህ ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ቋጠርኩት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ማታ ጣቴ አበጠ። ጠዋት ጠቆረ። ክሩ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። በመቀስ ልቆርጠው ብል ጫፉን አጣሁት።

ለማዳም አሳየኋት። «ዛሬ እንግዳ አለብኝ፤ ጓንት አድርጊበትና ሥሪ፣ ያላ» አለች። በማግስቱ ሌላ እንግዳ መጣ። አለቀስኩ። ሠራሁ። ጣቴ ደነዘዘ።

በሦስተኛው ቀን ባሏ፣ ያስመጣኝ ከፊሌ፣ የጣቴ ሽታ ሲደርሰው ሁለታችንንም ሐኪም ቤት ወሰደን። ሱዳናዊው ዶክተር ጣቴን በመርፌ አደንዝዞ ክሩን በጥሶ አወጣው። ማዳም ጥቁሩን ክር ስታይ ጮኸች።

«ሲሕር ነው! ቤቴ ውስጥ ድግምት ስታስር ነበር! ጻፈው፣ ሹርጣ ጥራ!»

ድግምት ተብሎ ከተጻፈ ፖሊስ ይመጣል፤ ፖሊስ ከመጣ ክሩ የምን እንደሆነ እጠየቃለሁ፤ ያለሁት ደግሞ ክርስቲያን የማይገባበት መካ ነው። ዶክተሩ ትኩር ብሎ አየኝ። የገባው ይመስለኛል።

«እመቤቴ፣ እኔ ፎርሙ ላይ የምሞላው ጣቷን ያነቀው ነገር ምን እንደሆነ ነው» አላት። «ቀለበት፣ ፀጉር ወይም ክር። ይሄ ክር ነው፤ የጉዳቱ መለያ ኮዱም የክር ነው። የምን ክር ብሎ የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ኸላስ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ መቼ ጀመረሽ? ለምን ቆየሽ?»

እንግዶቹን፣ ጓንቱን፣ ያለችኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩለት። «አሠሪዋ ስለከለከለቻት ዘግይታ መጣች» ብሎ ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበው። ማዳም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አወጣጧ ከማደንዘዣው በላይ አሻለኝ።

ከፊሌ ሥራ ቢሮ እንዳልከሰው ፈርቶ መልቀቂያዬን ፈረመልኝ። ጅዳ ወርጄ ካራንቲና የሚባል ሰፈር ከአገሬ ሴቶች ጋር እየኖርኩ አንቲባዮቲኬን ጨረስኩ፣ ቁስሌን እያሳጠብኩ፣ ጣቴን በለብ ያለ ውሃ ውስጥ እያንቀሳቀስኩ ቀስ በቀስ እጄን ለሥራ አበቃሁት። ከማዳም ቤት ስወጣ ረመዳን ሊገባ ነበር። ያንን ሁሉ የማፍጠሪያ ሳምቡሳ ማዳም በገዛ ጣቶቿ ስትጠቀልል እያሰብኩ ሳቄ ይመጣ ነበር። ዛሬም ይመጣል፤ አላፍርበትም።

እናንተም ጣታችሁ ሲያብጥ ቀለበቱንም ክሩንም ቶሎ አውልቁ። አልወጣ ካለ አትታገሉት፣ እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። መቼ እንደጀመራችሁና ማን እንዳቆያችሁ ተናገሩ፤ ይጻፍ። ያን ዶክተር ፈጣሪ ዕድሜውን ያርዝምልኝ፣ ጣቴን አትርፎልኛል። ጣቴ ግን መታጠፍ እምቢ ብሏል። ካራንቲና ያሉት ሴቶች «ተይ፣ ማዳምን ይቅር በያት» ይሉኛል።

እሺ። ጣቴ ሲታጠፍ።