የቅዳሜ ቀሲል

አሰበ ተፈሪ የተመደብኩት መምህርት ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሚኤሶ በባቡር፣ ከዚያ ሽቅብ በጭነት መኪና ጋቢና መጣሁ። በከተማው አንድም ዘመድ አልነበረኝም። ጓደኛ ለማፍራት ደግሞ ጠባዬ አያመችም፤ ቶሎ እቆጣለሁ፣ ከተቆጣሁም አኩራፊ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሌን ዘግቼ ከመስታወት ጋር እፋጠጣለሁ። አፍንጫዬ ዳርና ዳሩን ጥቋቁር ነጥብ ሞልቶታል። በጥፍሬ እጨምቀዋለሁ፤ አልወጣ ሲለኝ በመርፌ ቁልፍ እጎረጉረዋለሁ። የሚያጫውታት ሰው ያላት ሴት አፍንጫዋን እንዲህ አታሠቃይም ነበር።

አንድ ሰኞ አፍንጫዬ አብጦና መግል ይዞ ተነሳሁ። የጤና ጣቢያው ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰሩ፣ በጥጥ ሐምራዊ መድኃኒት ቀባኝና ሳምንቱን ሙሉ በሐምራዊ አፍንጫ ሂሳብ አስተማርኩ። ባልደረቦቼ ብጉር ያወጣችው ባል አምሯት ነው እያሉ ቀለዱብኝ። አኮረፍኳቸው። እነሱ ምንም አልሆኑም፤ የሚያናግረኝ ያጣሁት እኔው ነኝ።

ቤት ያከራዩኝ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ድሬዳዋ የገቡ አሮጊት ነበሩ። እሳቸው ሙስሊም እኔ ክርስቲያን፣ ሥጋ አብረን ስለማንበላ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። እብጠቱ በደንብ ከዳነ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጠርተው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። መርፌ ቁልፌንም ጠይቀው ወሰዱብኝ።

መጀመሪያ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ፊቴ ላይ አድርገው እስኪቀዘቅዝ ቆዩ። ከዚያ ቀሲል በጥብጠው አመጡ፤ የደረቀ የቁርቁራ ቅጠል ተወቅጦ ነው፣ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። አፍንጫዬን ሳይፈትጉ በስሱ አሽተው አጠቡኝ። ጣታቸውን በንጹህ ነጠላ ጨርቅ ጠቅልለው ነጥቦቹን ከግራና ከቀኝ ቀስ አድርገው ተጫኑ። አንዳንዱ ወጣ፤ አንዳንዱ እምቢ አለ። እምቢ ያለውን እንዲታገሉት ብለምናቸው ለሚመጣው ቅዳሜ ይቆይ አሉኝ፤ የቀላውንም ጭራሽ አልነኩትም። በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውሃ አለቃልቀው አገጬን ያዝ አድርገው አዩኝ።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እዚያ አገር ከገባሁ ጀምሮ፣ ከድሬሰሩ ጥጥ በቀር፣ ፊቴን የነካ ሰው አልነበረም። አሳመምኩሽ ወይ ሲሉኝ አዎ አልኩ፤ እውነቱን መናገር አፈርኩ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ለእኔ ሌላ ቀን ሆነ። ጨርቁ ፊቴ ላይ እስኪቀዘቅዝ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ በደሳ ቡና፣ ስለ ወጣትነታቸው ያወሩልኛል። እኔም ለማንም ያልነገርኩትን እነግራቸዋለሁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ መስታወት ሳይ አፍንጫዬ ጠርቷል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ፤ ምን ብዬ እሄዳለሁ? ዝም ብዬ ሄድኩ። አሮጊቷ ዓይናቸው ደክሟል፣ አያዩትም ብዬ ተጽናናሁ። እሳቸውም በየቅዳሜው አጎንብሰው አይተው ትንሽ ቀርቷል ይሉኛል። በልቤ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሂርና ተዛወርኩ። ልሰናበታቸው ስገባ ቀሲሉን አልበጠበጡም። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ እንደ ወትሮው አገጬን ያዙ።

«አፍንጫሽ ከጠራ ቆየ፣ ኢንተለኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ድኗል ካልኩሽ አትመጪም ብዬ ነው።»

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ቅዳሜ ያታለልኳቸው መስሎኝ ነበር።