ናፍቀውናል፤ ቶሎ ይምጡልን፦ እድርዎ

ሰው ሲመዘገብልኝ እንጂ ሲሄድ አላየሁትም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ጸብ የለ፣ ስንብት የለ፤ ብቻ አንድ ቀን ዘወር ስል ማንም የለም።

ነገሩ የሆነው ስማርት ስልክ ቢቸና ገብቶ መምህሩም ነጋዴውም በጣቱ መስታወት መፋቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ ሥራ ፈልጌ አጥቼ፣ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሞጣ ላይ ስታርትአፕ አቋቁሜ ነበር። ስታርትአፕ ስል ወንበሩ የሚሽከረከር ቢሮ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ የተከራየናት አንዲት ክፍል። ላፕቶፑም የእሱ ነበር። የሠራነው የእድር አፕ ነው። ሰው ሲሞት ለአባላቱ ሁሉ በየስልካቸው ይነግራል፤ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ።

እድር የመረጥነው በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ ቢቸና ውስጥ የሰፈራችን እድር ጡሩንባ ነፊ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል፤ በየመታጠፊያው ቆሞ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። የሰማ ሁሉ መጥቶ ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ አግዳሚ ወንበር ያመላልሳል። የቀረ ይቀጣል። ከቅጣት የሚያመልጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያልሰማ። እናማ በእኛ ሰፈር ያልሰማ በዛ።

«አልሰማሁም፤ ነፋሱ ወስዶት ይሆናል።» «አልሰማሁም፤ ሰውዬው ትንፋሽ አጥሮታል መሰለኝ።» ይኼ ሁሉ አልሰማሁም ተጠራቅሞ አባቴ ራስ ላይ ወረደ። የእድሩ ዳኛ ከወረዳ ጡረታ የወጡ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጠሩትና ለዳግማይ ትንሣኤ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ጡሩንባው ለሌላ ጎልማሳ እንደሚሰጥ በትሕትና ነገሩት። አባቴ ቤት ገባ። ጡሩንባውን ከግድግዳ አውርዶ በጨርቅ ወለወለና መልሶ ሰቀለው። እናቴ ግን ጓሮ ጠርታኝ፣ «ያን ነገር የቀሙት ቀን ይኼ ሰውዬ ከቤት አይወጣልኝም» አለችኝ። ደሜ ፈላ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ ይነፋል፤ እኔ ደግሞ የራሱን የጡሩንባ ድምፅ ቀድቼ ከመልእክቱ ጋር በየስልኩ እልካለሁ። ትራሱ ሥር ጡሩንባ እየጮኸበት አልሰማሁም የሚል እስቲ እናያለን! አባቴም ከነጡሩንባው ይቀመጣል፣ እኛም ቢቸና ላይ ተሳክቶልን ሞጣ እንገባለን። የሞጣ እድሮች፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ የቢቸናውን ወሬ እንስማ ብለው ይጠብቁን ነበር።

ምዝገባው ሠርግ ነበር። «የእሱ ልጅ አይደለህ? እንዴት እምቢ ይባላል! እንካ አንተው ጎርጉረው» እያሉ ስልካቸውን እጄ ላይ ያስቀምጡልኛል። አንዲት ቅቤ ነጋዴ እናት ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝና፣ ስጨርስ አናቴን ይዘው መረቁኝ። አንድ ጡረተኛ ቄስ ስልክ ስለሌላቸው የልጃቸውን አመጡ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ከሐዘንተኛ አጠገብ ተቀምጬ አስመዝግቤያለሁ፤ አይኔን በጨው አጥቤ። አባል ላልሆነ ሰው አፑ አይከፈትለትምና ለሙከራ ብዬ እኔም በራሴ ስም እድሩ ውስጥ ገባሁ። ጓደኛዬ ከሞጣ እየደወለ፣ «አንተ፣ ከተማውን ጨረስከው እኮ!» ይለኛል። ሰዉ አፑን የወደደው መስሎኝ ነበር። ለካ እምቢ ማለት ነው ያቃተው።

የመጀመሪያው ለቅሶ መጣ፤ ነፍሳቸውን ይማር፤ ጡሩንባው በየስልኩ ጮኸ፤ ሁሉም ከፍቶ አነበበ። እኔ ላፕቶፑን ከሞጣ ተውሼ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ማን እንደከፈተ በስክሪን እያየሁ እጨፍራለሁ። በሁለተኛው ለቅሶ የከፈተው ግማሹ ነው። በሦስተኛው እፍኝ ሰው። ከዚያ በኋላ እኔና የእድሩ ጸሐፊ ብቻ ቀረን። ገሚሱ አፑን ከስልኩ አጥፍቶታል፤ ገሚሱ ደግሞ ሲጮህ ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል እንጂ አይከፍተውም።

በየቤቱ ዞሬ ጠየቅሁ። ሁሉም አመስጋኝ! «ኧረ ድንቅ ነገር ነው፣ እግዜር ይስጥህ።» ታዲያ የት ሄደ? «ልጆቹ ነካክተውት ነው።» «ስልኩ ሞላብኝ።» «ካርድ ይበላል መሰለኝ።» አንዱ ጎረቤታችን እንዲያውም ስልኩ ኪሱ ውስጥ እየነዘረ፣ «ስልኬ ጠፋ» አለኝ። ሁለታችንም እስኪያቆም ዝም ብለን ቆምን። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን።

በደብረ ወርቅ በኩል አቧራዬን ጠጥቼ ሞጣ ሄድኩና ከጓደኛዬ ጋር መከርን። እሱ መፍትሔውን ከኢንተርኔት አንብቦ ጠብቆኛል። «ተጠቃሚ የሚጠፋው ስለሚረሳህ ነው። ትልልቆቹ አፖች ምን ያደርጋሉ? ናፈቅከኝ ይሉታል።» እኔም ተስማማሁ፤ እንዲያውም ለትልልቅ ሰዎች እንዲስማማ በአክብሮት የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ናፍቀውናል፤ ቶሎ ይምጡልን። እድርዎ።» ሰው ሥራ ሳይጀምር እንዲደርሰው ንጋት ላይ እንዲላክ አድርገን፣ በሐሳባችን ተኩራርተን ተለያየን። ማንኛውም መልእክት ከአባቴ ጡሩንባ ጋር እንደሚሄድ ሁለታችንም ትዝ አላለንም።

ቢቸና በተመለስኩ ማግስት ገና ሳይነጋጋ ደጃችን ሰው በሰው ሆነ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ አንዱ አካፋ ይዟል። «ማነው? ማነው?» ይላሉ። አባቴ በቁምጣ ወጥቶ፣ «ኧረ ማንም አልሞተም!» ቢል ማን ይመነው! ቅቤ ነጋዴዋ እናት ስልካቸውን ወደ እኔ እያወዛወዙ ሊያለቅሱ ደርሰዋል።

«እድሩ ናፍቀሽናል ይለኛል! ቶሎ ነይ ይለኛል! ምን በደልኩት ልጄ? ገና የማሳድጋቸው አሉኝ!»

ጡረተኛው ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «በእኔ በኩል አልቸኮልኩም ብለህ ጻፍለት» አሉኝ። አባቴ እየሳቀ እየሳቀ ሳል ያዘው። «ዕድሜ ላንተ፤ ሳልነፋ ሁሉም ሰማ» አለኝ። ያን ቀን ቀርተውልኝ የነበሩትም ሄዱ። አንዳንዶቹ እዚያው ደጃችን ላይ ስልካቸውን ሰጥተውኝ በገዛ እጄ አስጠፉኝ።

ሰው ሲበተን የጎረቤታችን መምህር ወደ ኋላ ቀረ። እኔን ያስተማረ ሰው ነው፤ ሳዝን ማየት አልቻለም መሰለኝ፣ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ እውነቱን ነገረኝ።

«አፑ ደህና ነው። ጥፋቱ ማወቁ ነው። ስከፍተው ‘ሰምቷል’ ብሎ ከነሰዓቱ ይጽፍብኛል። አባትህ ሲነፋ ግን አልሰማሁም ማለት እችላለሁ።»

«ታዲያ አይሰሙም ነበር?»

«ምን ነካህ? የአባትህ ጡሩንባ የሞተውንም ይቀሰቅሳል!»

ክው አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ትንፋሽ አጠረው፣ ደከመ ሲሉ የኖሩት ሁሉም እየሰሙ ነው ለካ! ጋቢያቸውን ጆሯቸው ላይ ስበው ይተኙና ጥፋቱን ለአባቴ ይሰጣሉ። ለጓደኛዬ ደውዬ የሰማውንም የቀረውንም አንድ በአንድ ስብሰባው ላይ አነባለሁ አልኩት። የለቅሶ ስም ጥሪውን ጸሐፊው በየጊዜው ያስገባ ስለነበር ሁሉም አፑ ውስጥ ነበር። ጓደኛዬ፣ «እብድ ነህ፤ ይኼ ከተሰማ ሞጣ ማን ይመዘገብልናል?» አለ። አይመዝገቡ! ቢሆንም ለጓደኝነቱ ሲል፣ ‘ሰምተው የቀሩ’ የሚል አንድ ቁልፍ ጨምሮ በስብሰባው ዕለት ጠዋት ላከልኝ። ሲነኩት ብዙ የሰማና ብዙ የቀረ ሰው ከላይ ይመጣል።

አባቴ ሐሳቤን ሲሰማ አልተገረመም።

«እንደሚሰሙማ አውቃለሁ» አለኝ። «አንዳንዱ ደጅ ላይ እኔው ራሴ ፊቴን አዙሬ ነው የምነፋው። አራስ ያለችበት ቤት አለ። ከሟቹ ጋር የተቀያየመ አለ፤ ቀብር ላይ ቢቆም ሰው ያፈጥበታል። ልጇን የቀበረች አለች፤ ወር ሳይሞላት ሌላ ድንኳን እንዴት ትይ? አልሰማሁም ይበሉኣ።»

«ሰነፎቹስ?»

«በመሃል ያልፋሉ፤ ምን ይደረግ።»

«ጡሩንባህን ሊቀሙህ እኮ ነው!»

አታንብብ ብቻ አለኝ። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ስብሰባው የተደረገው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ዳኛው የአባቴን ጉዳይ አነሱ፤ ረጅም አገልግሎቱን አመሰገኑ፣ አባላት ግን እየሰሙ አለመሆኑን በሐዘን ገለጹ። አባቴ ከፊት አግዳሚ ላይ ጡሩንባውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ሊያስረክብ ይዞት መጥቶ ኖሯል። እሱን ሳይ አላስቻለኝም፤ ተነሳሁ።

«ማን እንደሰማና ማን እንደቀረ እዚህ አለ» አልኩ ስልኬን ከፍ አድርጌ።

መምህሩ ጫማውን ያያል። ቅቤ ነጋዴዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዳኛው እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ጀመሩ። ደስ አለኝ፤ ልዋሻችሁ አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ። ዳኛው፣ «እንግዲህ... አንብበው» አሉ። ጓደኛዬ የላከልኝን አዲሱን ቁልፍ ተጫንኩ። አልሞከርኩትም ነበር።

ከሁሉም በላይ የወጣው የእኔ ስም ነው፤ ሳላስበው ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ሁሉንም ሰምቷል። አንዱም ላይ አልተገኘም። ያን ዐቢይ ጾም ሙሉ የአንድ ሰው ድንኳን ካስማ አልጨበጥኩም፤ የአንድ ሰው አፈር አልመለስኩም። አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት መቃብር የቆፈረው ባልንጀራው የሞተ ቀን እንኳ፣ ከላፕቶፑ ፊት ተጎልቼ ማን እንደከፈተ እየቆጠርኩ ነበር። አባቴን አየሁት። እሱም እያየኝ ነው፤ እያንዳንዱ ቀብር ላይ ቆሞ እንዳልመጣሁ አይቷል፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። ይሄኔ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ተዉት ልጁን። እሱም አልሰማም» አለ።

ሰዉ ተያየ። ከዚያ ጡረተኛው ቄስ፣ «አንድ ቤት የምታድሩ አይደላችሁም እንዴ?» ሲሉ ሳቁ ከየአቅጣጫው ፈነዳ። አባቴ አልሳቀም። ጡሩንባውን አንስቶ ወደ ዳኛው ጠረጴዛ መራመድ ጀመረ። ሊሰጣቸው ነው። እኔን ሊያድን ብሎ አልተሰማሁም ሊል ነው!

«ሰምቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። «ሁሉንም ሰምቻለሁ። አልጋዬ ድረስ ይሰማል። ሰንፌ ነው የቀረሁት፤ ቅጡኝ።»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ፤ ከራሴ ስም በታች አላነበብኩም። ዳኛው ስብሰባውን ቃኘት ቃኘት አደረጉ። ማንም ቀና አላለም። ቅቤ ነጋዴዋ ብቻ ከነጠላቸው ሥር፣ «ጡሩንባውማ መች ጠፋ፤ እኛ ነን እንጂ የጠፋነው» አሉ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ጡሩንባው ባለበት ይቆይ» ብለው ቶሎ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። እኔ ሦስት መቃብር እንድቆፍር ተፈረደብኝ። ሞጣም ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደረሰና ስታርትአፑ በዚያው ተዘጋ።

በዚያው ሰሞን በአንዱ ንጋት የጆሮዬ ታምቡር የተበጠሰ መስሎኝ ከአልጋዬ ዘለልኩ። አባቴ ካፖርቱን ደርቦ ራስጌዬ ቆሟል፤ ጡሩንባውን ጆሮዬ ሥር ደግኖ እየነፋ ነው። እናቴ ከጓዳ፣ «አንተ ሰውዬ አበድክ እንዴ!» ትላለች። እሱ እስኪበቃው ነፋና አወረደው።

«ሰማህ?» አለኝ።

«ሰማሁ፣ አባባ።»

ዶማውን ከደጅ አንስቼ ተከተልኩት።