ኮምፒውተሯ ያጓራች ሰሞን

«አይጥ ናት» አለ ዘበኛው።

«አይጥ ብትሆን ማሽኗን ሳጠፋት አብራ ዝም ትላለች?» አልሁት።

«አይጥ ሞኝ መሰለችሽ?» አለኝ። ከዚህ ሰውዬ ጋር መከራከር ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ትቼው ጫማዬን አወለቅሁና ገባሁ።

የምንሠራው ሐይቁ ዳር ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። የጣናን ከፍታና የዝናቡን ልክ እንመዘግባለን። ጊዜው የደርግ ዘመን ወደ ማብቂያው ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ኮምፒውተርን ብዙው ሰው በስም እንጂ በመልክ አያውቀውም። የእኛዋን ያመጣት አንድ ፈረንጅ ነበር። እኔን አስተምሮ፣ ማሽኗን አስረክቦኝ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲያ ማብራቷም ማጥፋቷም በእኔ እጅ ሆነ።

ጫማ አውልቁ ያለን እሱ ነው፣ አቧራ እንዳይገባ ብሎ። የእኛ ሰው ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ተረጎመው። ገና ከበሩ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ባርኔጣ ያለውም ያወልቃል። ጉዳይ ሊያስፈጽሙ ከደቅ ደሴት የመጡ አንድ ቄስ ክፍሉን ከደጅ አይተው፣ መቃኑን ተሳልመው ተመልሰዋል። እኛ በሳቅ ስንሞት፣ የመሥሪያ ቤታችን የፓርቲ ተጠሪ ብቻ አልሳቀም። እሱ ድሮም ሳቅ አይሆንለትም።

ዳንቴሉን ያለበሰቻት ደግሞ ጸሐፊያችን ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ያኔ ደመወዝተኛ ቤት ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ዳንቴል ሳይለብስ አይቀመጥም፤ ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ የባለቤቱን ስንፍና ያሳብቃል። እትዬ ክረምቱን ሙሉ በኪሮሽ ሠርታ፣ ዙሪያውን ዘርፍ አድርጋ፣ ኮምፒውተሯን እንደ ሙሽራ አለበሰቻት። ፈረንጁ ሥራ ሲጀመር ልብሱ ይነሣ ብሎ ነበር። እሱ ሲሄድ እትዬ እምቢ አለች።

«ያ ሁሉ ጫማውን አውልቆ የሚገባው ሰው ዓይኑን ተክሎ ነው የሚያያት። ዓይን ይበላታል! ፊቷን ገለጥ አድርጊና ሥሪ፤ ጀርባዋ ግን እንደተሸፈነ ይሁን» አለችኝ።

እሷ አንድ ነገር ካለች አለች ነው። ተውሁላት።

እናም ያን ጠዋት ማሽኗ አጓራች። መጀመሪያ እንደ ጥርስ መፋጨት፣ ቆየት ሲል ደግሞ ወፍጮ ቤት ደጅ የቆምሁ እስኪመስለኝ ድረስ። ደነገጥሁ፤ ለመንግሥት ንብረት ብዬ ግን አይደለም።

እናቴ ከወገቧ በታች አልታዘዝ ካላት ቆይቷል። ወንዛዬ ወስደን ፍል ውኃው ውስጥ ነክረናታል፤ ጠበልም አዳርሰናል። አባቴ የለም፣ ወንድሜ ግንባር ነው። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት አጥቤና አገላብጫት እወጣለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የዓባይን ድልድይ በችኮላ ተሻግሬ፣ ዓባይ ማዶ ያለው ቤታችን ገብቼ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል ደግሜ አገላብጣታለሁ። ሌላ ሰው ሲነካት ታዝናለች፤ አንዳንዴም ትጮሃለች። የማሽኗ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው የተነገረኝ ግልጽ ነበር፦ ከተበላሸች ወደ አዲስ አበባ ትጫናለች፣ እኔም የተማርሁት በእሷ ነውና አብሬ እሄዳለሁ። ስለዚህ ማሽኗ ዳነች ማለት እናቴ ጎኗን የሚለውጥላት ሰው አገኘች ማለት ነው። ከዚህ ሌላ አሳብ አልነበረኝም።

በሁለተኛው ቀን ጉርምርምታው ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ተጠሪው ጫማውን ሳያወልቅ ገባና እጁን ወደኋላ አጣምሮ አዳመጠ።

«ጓዲት፣ ማሽን በገዛ እጁ አይታመምም» አለኝ።

«አርጅታ ይሆናል።»

«ወይ አሻጥር ይሆናል። ዋናው መሥሪያ ቤት መጥቶ ይያት። ካስፈለገም ትሂድ።»

ፈራሁ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባለው ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚደርስ ተነገረን። እስከዚያ ማሽኗን ዝም ማሰኘት ነበረብኝ።

መጀመሪያ ያመማት የት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። የእንጨት ማስመሪያ አነሣሁና አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ሥር አድርጌ በሌላው ጫፍ ገላዋን እየነካሁ ዳሰስኋት። ፊት ለፊቷ፣ ዲስክ የምትጎርስበት በኩል ሰላም ነው። ጎኗም ሰላም። ወደ ጀርባዋ ስደርስ ግን ግርርር አለና መንጋጋዬ ድረስ ተሰማኝ። እዚያ ጋ ከመብራት የሚመጣውን ኃይል ተቀብሎ የሚያከፋፍል የብረት ሳጥን አለ፤ ፓወር ሰፕላይ ይሉታል። ሲሠራ ይግላል። እንዳይቃጠልም ውስጡ ትንሽ ማራገቢያ ትዞራለች። የምታጓራው እሷ ነበረች። እሷ ከቆመች ሳጥኑ ይነዳል፤ ሳጥኑ ከነደደ ደግሞ ጉዞ ወደ አዲስ አበባ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ጀልባ ነጂ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ሰማት። «የምትዞርበት ኩሽኔታ ደርቋል። የእኔም ሞተር ሲደርቅ እንዲሁ ነው የሚያለቅሰው። ዘይት ጠብ አድርጊላት» አለኝ።

ነገሩ ለአእምሮ የቀረበ ነበር። እትዬ ከቤቷ የስፌት መኪና ዘይት አመጣች። በዶሮ ላባ ነከር አድርጌ በሳጥኑ ጀርባ ባለው ወንፊት ቀዳዳ ወደ ማራገቢያዋ እንብርት አንጠባጠብሁ። አበራኋት። ጸጥ! እትዬ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ተጠሪው ትዝ አላትና መልሳ ገጠመችው። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ድልድዩን የተሻገርሁት እየዘፈንሁ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

በማግስቱ ሳበራት ባሰባት። ከጩኸቱ ሌላ አሁን የሚቃጠል ነገር ሽታ መጣ። ወዲያው ነቀልኋት። ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ከኀዘኑ ይልቅ ንዴቱ ይበልጥ ነበር። ዘይት አጠጥቻት ጭራሽ አባሰችብኝ! ጀልባ ነጂው በመስኮት ሲያየኝ «እንግዲህ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው» ብሎ እብስ አለ።

ሳጥኑን ከመክፈት ሌላ ምርጫ አልቀረም። ፈረንጁ አጥብቆ ያስጠነቀቀኝ ስለዚያ ሳጥን ነበር፦ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኃይል ያቆያል፤ የማይነካውን ብትነኪ ይጥልሻል። ስለዚህ ኃይሉ እስኪረግብ እንደተነቀለች ትቻት ወደ እናቴ ሄድሁ። አገላበጥኋት፣ አጎረስኋት። ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ ራሴን አሞኝ ነው አልኋት። ስመለስ በሩን ዘጋሁ። እትዬ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ከእጄ እየተቀበለች መዳፏ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። እኔም ጣቴ ከማራገቢያዋ ውጭ ሌላ ነገር እንዳይነካ ትንፋሼን ዋጥ አደረግሁ።

ማራገቢያዋ አቧራ ለብሳለች። አቧራውን በላባው ጠረግሁት። ከሥሩ፣ እንብርቷ ላይ፣ ክር ተጠምጥሟል። በፊት ነጭ የነበረ ክር ነው፤ አሁን ዘይት ጠጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ከጉድፍ ጋር ተቦክቷል። ማራገቢያዋ አየር ስትስብ ክሩንም ስባ፣ በዞረች ቁጥር ስትጠመጥመው ከርማለች። የእኔ ዘይት ደግሞ አጣብቆላታል።

«ወረንጦ!» አልሁ።

እትዬ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ወረንጦ አውልቃ ሰጠችኝ። ጫፉን ይዤ ቀስ ብዬ ስስበው ክሩ መጣ፣ መጣ፣ አሁንም መጣ። መጨረሻው ላይ ዘይት ያልነካው ትንሽ የዘርፍ ቁራጭ ነበር። እትዬ አየችው። ብሎኖቹን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

«የኔ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ተጠሪው ከሰማ አለቀልኝ።»

«ምኑን? አቧራ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?» አልሁና ክሩን ከነጉድፉ ጡቴ ሥር ወሸቅሁት። ለመሥሪያ ቤታችን ሹምና ለተጠሪው እንዴት እንደሠራናት ነገርናቸው፤ ያወጣነው ግን አቧራ ነው አልን።

ገጥመን ስናበራት ማራገቢያዋ ፉት እያለች ዞረች፣ ያለ ምንም ኮሽታ። እትዬ መቀስ አመጣችና የዳንቴሉን የኋላ ዘርፍ ቆረጠችው፤ የራሷን ፀጉር የቆረጠች ያህል ከፋት።

«ዓይን ነው ክሩን የጎተተው» አለችኝ።

«ማራገቢያው ነው የጎተተው፣ እትዬ።»

«ማራገቢያውን ማን አዘዘው?» አለችኝና አረፈችው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰው ደረሰ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን ሳይነገረው አወለቀ። ማሽኗን አበራሁለት። ጆሮውን ጣል አደረገ፣ እጁን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ፣ ወደ ተጠሪው ዞረ።

«ይህች ምን ሆነች ነው ያላችሁኝ? ደህና እኮ ናት» አለው።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ሹማችን ግን ሙገሳ አያመልጠውም። ደረቱን ነፋ።

«አጓርታ አጓርታ፣ ልትነድ ደርሳ ነበር፤ ይህች ልጅ ናት ሳጥኑን ከፍታ የሠራቻት! ያለ ማንም!»

ዓይኔን አፈጠጥሁበት። ተዉ ለማለት ነው። እሱ ግን አመሰግናለሁ ያልሁት መሰለው መሰለኝ፣ ጨመረበት፤ ማስመሪያውን፣ ላባውን፣ ወረንጦውን ሁሉ ተረከ። ሰውዬው አፉን ከፍቶ አዳመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ፓወር ሰፕላዩን ራስሽ ከፈትሽው?»

«አዎ» አልሁ። ምን ልበል?

«እኛ ዘንድ የቆሙ ብዙ አሉ፤ ደፍሮ የሚከፍታቸው ሰው አጣን። ማሽኗ እዚሁ ትሥራ። ልጅቷን ግን እንፈልጋታለን» አለ ለሹሙ።

እናቴ የአልጋ ቁራኛ እንደሆነች ነገርሁት። አዘነ፣ በእውነት አዘነ። መልስ የሰጠኝ ተጠሪው ነው፦ «ጓዲት፣ ሁላችንም እናት አለን። ከሁሉም በላይ ግን እናት አገር አለችን።» ከዚህ በኋላ አፍ የሚከፍት ማን አለ? ሹማችን ራሱ ያን ጊዜ ነው የገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ተናድጄበት ነበር፣ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ለእናቴ ነገርኋት።

«እንዲያው ማሽኗ ልትቀር፣ አንቺ ልትሄጂ?» አለችና ሳቀች።

«አዎ።»

«ምነው እጅሽን ሰብስበሽ ብትቀመጪ ኖሮ!» አለችኝ። እንዳልለይሽ ብዬ እኮ ነው የሠራኋት ልላት አልሁና ለቅሶ ቀደመኝ። እሷ አላለቀሰችም። ደቅ ላሉ ዘመዶቿ ላክሁ፤ የአጎቴ ልጅ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ጓዟን ጠቅልላ በጀልባ መጣች። እጇ የእርሻ ሥራ ያሻከረው ነው። እናቴን መጀመሪያ ስታነሣት እናቴ ጮኸች። ያን ጩኸት እየሰማሁ ነው ለአውቶቡስ የወጣሁት።

አዲስ አበባ ብዙ ማሽን ከፈትሁ። አብዛኛው ምንም የለበትም፤ አቧራ ነው። በሥራው ምስጋና አገኘሁበት እንጂ አልተከፋሁም። ማታ ማታ ግን የሚታየኝ የእናቴ ጀርባ ነበር፤ ቆስሎ፣ ማንም ሳይደርስላት።

ለፋሲካ ፈቃድ ሰጡኝ። ማርቆስ አድሬ፣ በማግስቱ ባሕር ዳር ገብቼ፣ ጓዜን እንደያዝሁ ድልድዩን ተሻገርሁ። እናቴ ፊቷ ሞላ ብሎ አገኘኋት። ቀሚሷን ገልጬ ጀርባዋን አየሁ፤ ቁስል የሚባል የለም፣ ንጹሕ ነው። ተመስገን አልሁ። ከዚያ እጅጌዬን ሰበሰብሁ፣ አንድ እጄን ከትከሻዋ ሥር፣ አንዱን ከዳሌዋ ሥር አስገባሁ።

«ተዪ ልጄ፣ ታሳምሚኛለሽ» አለችኝ። «እሷ ትምጣ። የሷን እጅ ነው የለመድሁት።»

ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፣ ቅናት ነበር። እጄን ከሥሯ አወጣሁና ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አልሁ። የአጎቴ ልጅ ከጓዳ እጇን እየጠረገች መጣች፤ እናቴን እቅፍ አድርጋ በጎኗ አስተኛቻት፣ እናቴም እፎይ አለች።