ጀልባዋ ስትነሳ

መርከብ ታውቃለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ጅቡቲ ገና የገባ ሰው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ለመርከቦች አትክልትና ፍራፍሬ ሳቀርብ ኖሬአለሁ። ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጥለው ወረፋ ለሚጠብቁት ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ሐብሐቡን በትንሽ የሞተር ጀልባ አደርሳለሁ። ከዚያ በመርከቡ ጎን በተንጠለጠለው የገመድ መሰላል ወጥቼ ለወጥ ቤቱ ኃላፊ አስረክቤ፣ ደረሰኝ አስፈርሜ እወርዳለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፈረንሳይኛን ከካርቶን ላይ ጽሑፍና ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ እንግሊዝኛን ከመርከብ ወጥ ሠሪዎች፣ ይህን የምጽፍበትን አማርኛ ደግሞ በልጅነቴ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው የለቀምኩት። ሐብሐብ በጣቴ አንኳኩቼ መቼ እንደተቆረጠ እናገራለሁ። በዚህ ከተማ ይህን የሚችል ሌላ ሰው ካለ እኔ አላየሁትም።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድለኝ ነበር። ተሳፍሬ የትም ሄጄ አላውቅም። እወጣለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ እወርዳለሁ፤ መርከቡ ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ።

ይህን ጉድለት የሞሉልኝ ልጆቼ ናቸው። ወንዱ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ፈረንሳይ አገር ይሠራል። ሴቷ በሁለት ዓመት ታንሰዋለች፤ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ባለው መደብራችን ከእኔ ጋር ናት። ትዕዛዝ የምትቀበለው፣ ከድሬዳዋ የሚመጣውን የጭነት መኪና የምትከታተለው፣ ካፒቴኖቹን በስልክ የምታነጋግረው እርሷ ናት። መሰላሉን መውጣት ብቻ ነው የቀራት። መርከብ ላይ የማይወጣ አቅራቢ ግማሽ አቅራቢ ነው፤ ቀጣዩ ትዕዛዝ የሚገኘው ወጥ ቤቱን አይቶ፣ ሰውየውን ጨብጦ ነው። ይህንንም ያስተማርኳት እኔ ራሴ ነኝ። ሁለት ዓመት ለመነችኝ፤ ሁለት ዓመት እምቢ አልኳት።

መሰላሉ ለሴት አይሆንም ነበር የምላት። እውነቱ ሌላ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ጓደኛዬ ከዚያ መሰላል ወድቆ በጀልባውና በመርከቡ መካከል ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። እንደ እኔ ያለ ሰው ፈራ መባል አይፈልግም።

በዚህ መሐል ሄሮን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ያለ አንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ ሥራ አቀረበላት። ለመልስ አንድ ወር ሰጧት። እኔ መሰላሉን ከፈቀድኩላት መደብሩ ላይ ትቀራለች፤ ካልፈቀድኩላት ቢሮ ትገባለች። እንዲህ ብላ ፊት ለፊት ነገረችኝ። በዚያው ሳምንት ወንድሟ ደውሎ አራታችን ካሪቢያን ባሕር ላይ በመርከብ እንድንዝናና ሁሉን ነገር አዘጋጅቻለሁ አለ። ነገሩን ሁለቱ አብረው እንደዶለቱት ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ሚስቴ ግን አልገባትም። ቀን መርከብ፣ እራት ላይ የመርከብ ወሬ፣ አሁን ደግሞ ለእረፍት መርከብ? አለች። ቢሆንም ሻንጣዋን ስትሞላ የፈረንጅ ምግብ ምኑ ይታወቃል ብላ ግማሹን ቋንጣ አደረገችው።

በፓሪስ አድርገን ማርቲኒክ የምትባለው ደሴት ደረስን፤ መርከቡ የሚነሳው ከዚያ ነበር። እንደ ሄሮን ቤቶች መስኮቱ ብዙ ነው፤ ቁመቱ ግን የከተማ ያህል ነው። መሰላል ፈለግሁ። ምንጣፍ በተነጠፈበት ድልድይ አስገቡን፤ ከዚያ ሊፍት። ልጄ ሳቋን ለመያዝ አፏን በሻሿ ሸፈነች። የመጀመሪያው ቀን ከቀትር በኋላ ትንሽ ከበደኝ፤ በዚያ ሰዓት ጅቡቲ ጫት ገብቶ ከተማው ሁሉ ነፍስ የሚዘራበት ነው፣ እዚያ ግን ሰው ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። በሁለተኛው ቀን ለመድሁ። ምግብ በተደረደረበት አዳራሽ ሐብሐቦቹን አንድ በአንድ አንኳኳሁና ለአስተናጋጁ ሦስቱ ሳይበስሉ የተቆረጡ መሆናቸውን ነገርኩት። ሲቆርጣቸው የሦስቱም ውስጣቸው ነጭ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግ ነበር።

ጠረጴዛችን ላይ ጡረታ የወጡ ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ይቀመጡ ነበር። ሥራዬን ሲጠይቁኝ ብዙ ነገር አጫወትኳቸው። አምና በትኩሳት አንድ ወር አልጋ ላይ ስውል መርከቦቹ እንዴት እንደጠበቁኝ፣ ከአክብሮት የተነሳ ወጥ ሠሪዎቹ ራሳቸው እስከ ጀልባው ወርደው ደረሰኙን ለጀልባ ሾፌሬ እንደፈረሙለት ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ ክብር በዚህ ሥራ ለማንም ተሰጥቶ አያውቅም አልኳቸው። ባልየው አደነቀኝ። ሚስቴ ቋንጣዋን ታኝካለች። ልጄ ሳህኗን ታያለች።

ከጠረጴዛው ስንነሳ ልጄ እጄን ያዘችኝ።

«አባ፣ እኔ ቢሮ ተቀምጬ መርከብ በመስኮት ማየት አልፈልግም።»

«መስኮት ጥሩ ነው፤ ይዘጋል» አልኳት።

አልሳቀችም። ስንመለስ ለሄሮኑ ቢሮ መልስ መስጠት እንዳለባት አስታወሰችኝና ወደ ወንድሟ ሄደች። ልጄ እኔን የመሰለች ናት፤ ሁለት ጊዜ አትናገርም።

በአራተኛው ቀን አንዲት ትንሽ ደሴት ደረስን። ውሃው ለትልቅ መርከብ ስለማይበቃ መልሕቁን ራቅ አድርጎ ጣለና በትንንሽ ጀልባዎች ወደ ዳርቻው አወረዱን። ይህ የእኔ አገር ነው አልኩ። ጠዋት ባሕሩ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ስለነበር ሁሉም ሰው እየዘለለ ወረደ። ሊረዳኝ እጁን የዘረጋውን መርከበኛ አመስግኜ መለስኩት።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ጀልባችን ከመርከቡ ጎን ካለው ትንሽ የብረት መድረክ አጠገብ ቆማ ወደ ላይ ትነሳለች፣ ወደ ታች ትወርዳለች። ወንዱ ልጄ እናቱን ይዞ አለፈ። ተራው የእኔ ሆነ። ማንም እንዳይነካኝ በእጄ ምልክት ሰጥቼ እግሬን አነሳሁ፤ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ጀልባዋ ወረደች። በእግሬና በብረቱ መካከል ያለው ውሃ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁ፤ ያ ጓደኛዬ መጣብኝ። ከኋላዬ ሠላሳ ሰው ይጠብቃል። ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቃተኝ።

ከኋላ ቀበቶዬን አንድ እጅ ጨብጦ ያዘው። የልጄ ነው።

«አሁን አይደለም አባ» አለች በቀስታ። «ውሃውን አትየው፤ ብረቱን እየው። ጀልባዋ ትውረድ። ይህም ማዕበል ይለፍ። የሚቀጥለው ትልቅ ነው።» ጀልባዋ ከእግራችን ሥር ተነሣች። ጫፍ ስትደርስ ልጄ «ሀዳ» አለች፤ ረገጥኩና መድረኩ ላይ ነበርኩ።

ሀዳ በሱማሌኛ አሁን ማለት ነው። ቤታችን ውስጥ ማንም በዚህ ቃል አይናገርም። የጀልባችን ሾፌር ግን ሱማሌ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ከጀልባው ጫፍ ቆሜ መሰላሉን ስጠብቅ፣ ማዕበሉ ከፍ በሚልበት ቅጽበት ከኋላዬ ሆኖ በዚያው ድምፅ የሚለኝ ይህንኑ ነው። ከዚያ ጀልባ ጫፍ ላይ ላልቆመ ሰው አይነገርም።

ላይ ወጥተን አንድ ጥግ ተቀመጥን። ውሃ አመጣችልኝ።

«ስንት ጊዜ ወጥተሻል?» አልኳት።

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ መርከብ?»

«አሥራ አንድ ጊዜ። መርከቡ ዘጠኝ ነው፤ ሁለቱ ተመልሰው አዘዙ።»

«በእኔ ትኩሳት ወር?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሽንኩርቱ እንዳይበሰብስ ነው አለችኝ። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት ብነግርህ ትታመም ነበር አለች። ታምሜ ነበር እኮ አልኳት። የባሰ ትታመም ነበር አለች።

ወጥ ሠሪዎቹ ከአክብሮት የተነሣ እስከ ጀልባው ወርደው ነበር የሚለው ታሪክ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያለ ባለቤት ቀረ። ለእነዚያ ፈረንሳውያን ብቻ አይደለም፤ ጋቦዴ ሰፈር ለሚኖሩት ወንድሞቼ፣ በቡና ቤት ለሚያውቀኝ ሁሉ አውርቼዋለሁ። ሚስቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«አንተ የመርከቦቹን አክብሮት ስታወራ» አለችኝ፣ «እኔ ገመድ የበላውን መዳፏን ቅቤ እቀባ ነበር።»

እንግዲህ ሚስቴም ታውቃለች፣ ሾፌሩም ያውቃል፣ ፈረንሳይ ያለው ልጄም ያውቃል። በዚህ ከተማ መርከብን የሚያውቅ እንደ እኔ የለም የሚለው ሰውዬ ብቻ አያውቅም ነበር። ተቆጣሁ ለማለት ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም። አሥራ አንድ ጊዜ ወጥታ አሥራ አንድ ጊዜ ወርዳለች። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ እኔ ራሴ አይቻቸዋለሁ፤ አንዱም ጉድለት አልነበረበትም።

ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት።

«ሴት ስለሆንሽ አይደለም። አንድ ጓደኛ ነበረኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ አባ። መጀመሪያ ቀን ሾፌሩ ነገረኝ። ይህን ታሪክ ካልነገርኩሽ ወደ መሰላሉ አላስጠጋሽም አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው የማዕበሉን አቆጣጠር ያስተማረኝ።»

ሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ከእኔ የተሻለ አባት ሆኖላት ነበር። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ ሰው መምረጥ የማውቅ እኔ ነኝና። እርሱን የቀጠርኩት እኔ ነኝ።

የቀሩትን ቀናት ደስ ብሎን ዋልን። ሚስቴ ቋንጣውን ለአስተናጋጁ አስቀመሰችው። ወንዱ ልጄ ዋና ሊያስተምረኝ ሞክሮ ተወው። በመጨረሻው ምሳ ላይ ፈረንሳዊው ሰውዬ ያንን የአክብሮት ታሪክ ለሌላ ጓደኛው እንድደግምለት ጠየቀኝ። ታሪኩ ተለውጧል አልኩት፤ ልጄን አሳየሁትና ከአሮጌው የሚበልጥ ታሪክ ነገርኩት። ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። በእርግጥ መርከቦቹን ከዘጠኝ ወደ አሥራ አራት ከፍ አድርጌአቸው ይሆናል።

ጅቡቲ ከተመለስን በሦስተኛው ቀን ከወደቡ ውጭ አንድ የጭነት መርከብ ሽንኩርትና ሎሚ አዘዘ። ልጄ ለሄሮኑ ቢሮ ገና መልስ አልሰጠችም፤ እኔም እስካሁን በአፌ ፈቅጃለሁ አላልኩም። ጀልባዋ ዘንድ ስንደርስ ግን እንደ ልማዴ ወደ ጫፉ አልሄድኩም። የቆዳ ጓንቴን አውልቄ ሰጠኋትና ኋላ ከሽንኩርቱ ጆንያ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጓንቱን አየችው፤ አጠለቀችው፤ ትንሽ ሰፋት። ሾፌሩ እኔን አየ፣ እርሷን አየ፣ ሞተሩን አስነሣ።

መርከቡ ጎን ደረስን። መሰላሉን ይዛ ቆመች፤ ማዕበሉ አንድ ጊዜ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው ጀልባዋ ስትነሳ ሾፌሩ «ሀዳ» ሊል አፉን ከፈተ፤ እኔ ቀደምኩት። ግን ቃሉን ሳልጨርሰው ልጄ አራተኛው እርከን ላይ ነበረች።

ሳትዞር ወጣች። ደረሰኙን አስፈርማ እስክትወርድ ድረስ የሽንኩርቱንና የሎሚውን ጆንያ ከላይ በወረደው ገመድ ሳስር ቆየሁ።