ለእማዬ ያልነገርኳት

ኪሊማኒ ሰፈር ካለው ፋርማሲ የደም ግፊት መድኃኒቴን ስወስድ፣ የክኒኑ እሽግ ፋርማሲስቷ እጅ ላይ ተንኮሻኮሸ። "አንድ ቀን ከረሳሽ በማግስቱ ሁለት እንዳትውጪ" አለችኝ።

የአስር ዓመት ልጅ ሆኜ አንድ ሐኪም ይህንኑ ነግሮኝ ነበር። እማዬ በስደት በገባንበት ኢስትሊ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ታበስል ነበር። እኔ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛውን ቶሎ ስለለመድኩ፣ ክሊኒክ ስትሄድ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ የደም ግፊት ክኒን አዘዘላትና ብዙ አስረዳኝ። ጓደኞቼ ውጭ ይጠብቁኝ ስለነበር ቸኮልኩና "በየጠዋቱ አንድ ዋጪ ነው የሚልሽ" ብዬ ተነሳሁ።

"ይኼን ሁሉ ያወራው ለዚህች ነው?" ብላ ሳቀች።

ሁዳዴ ገባ። እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትፆም የጠዋቱን ክኒን ተወችው። ሁለት ቀን ዘለለችና በሦስተኛው ቀን፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ "ያመለጠኝን ላካክስ" ብላ ሦስት ክኒን ባንዴ ዋጠች። ብዙም ሳትቆይ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወደቀች።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ "ደርባ እንዳትውጥ አልተነገራትም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄውን ለእማዬ ተረጎምኩላት። እማዬ ጉሉኮስ በተሰካበት እጇ እጄን ይዛ ትኩር ብላ አየችኝ።

"ልጄ በደንብ ነግራኛለች፤ የረሳሁት እኔ ነኝ በያት።"

ያንን አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩት። እንዳልነገርኳት አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

"ገባሽ?" አለችኝ ፋርማሲስቷ።

ያኔም ገብቶኝ ነበር።