ከፍሬም ጋር የመጣችው ሚስት

አስቀድሜ ይቅርታ። እጄ የለመደው መወልወያ እንጂ ብዕር አይደለም፤ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ሃምሳ አለቃ ታኬት ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ፣ የሚያውቁት ሁሉ አንድ አንድ ገጽ ይጻፉለት ተባለ። እኔ እዚሁ ካንሳስ፣ በጦር ሰፈሩ ውስጥ ቢሮ አጽጂ ነኝ። ሰውየውን አላውቀውም ብል እንኳ ጠረጴዛውን አውቀዋለሁ። ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ።

ታኬት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ከሰፈሩ አንዲት ካልሲ ብትጠፋ የማን እግር ላይ እንዳለች ይነግራችኋል። ከኤመሪ ጋር አብረው መኖር ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ኤመሪ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ በሰፈሩ የቤተሰብ ቀን ሲመጣ ግን "የአጎቴ ልጅ" ነበር የሚባለው። ያኔ በሠራዊቱ ሕግ ወንድ ሆኖ ወንድ የሚወድ ወታደር፣ ዝም ካለ ማንም አይጠይቀውም፤ ከተናገረ ይባረራል። ቢባረር የስንት ዓመት አገልግሎቱን ውሃ ይበላዋል።

ታኬት ወደዚህ ቢሮ የተዛወረ ሳምንት፣ የውሻውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ሊያኖር ብሎ ከሰፈሩ ሱቅ ፍሬም ገዛ። ሱቅ ያለ ፍሬም መቼም ባዶውን አይሸጥም፤ ለናሙና አንዲት ነጭ ሹራብ የለበሰች፣ ጥርሷ በረድፍ የተሰለፈ ሴት ትስቅበታለች። ውሻው ሳይገባ የጊዜው ሻምበል ብቅ አሉና ቆንጆ ናት፣ ስሟ ማነው አሉት። ደነገጠ። "ቦኒ" አለ።

በቃ፣ ቦኒ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠች። ሻምበሎች ይቀያየራሉ፤ ቢሮውን ሲረካከቡ እሷንም አብረው ይረከቧታል። የአንደኛው ባለቤት ለገና የእጅ ቅባት ላኩላት። ኤመሪ ተቀባው።

ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ አሥር አለቃ ፕሩዊት አገባ። ከዚያው ሱቅ ያንኑ ዓይነት ፍሬም ገዝቶ፣ የሙሽራዋን ፎቶ ሳያስገባ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። አንድ ቢሮ፣ ሁለት ቦኒ፤ ያው ሹራብ፣ ያው ጥርስ። ቢሮው ውስጥ ሰባት ሰው ነበር። በጦር መነጽር፣ ማዶ ኮረብታ ላይ ያለች ጥንቸል ወንድ ትሁን ሴት የሚለዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ምንም አላዩም። አየን ካሉ መጠየቅ ይመጣል፤ ከጠየቁ ታኬት ይሄዳል፤ ታኬት ከሄደ ካልሲውን ማን ያገኛል? አሁን ያሉት ሻምበል ሬንፍሮ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ ፕሩዊት ፍሬሙን መሳቢያ ውስጥ እንዲከት አዘዙ። በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ታኬት፣ ቤተሰብ ደህና?" አሉት።

"ደህና፣ ሻምበል።" ሁልጊዜም መልሱ ይቺው ነበረች።

በመጨረሻ ክልከላው ሊነሳ ሆነ። ከመነሳቱ በፊት ለወታደሩ ትምህርት ይሰጥ ተባለና፣ አስተማሪ ሆኖ ማን ቢመደብ ጥሩ ነው? ታኬት። ሕጉ የሚነሳው ማክሰኞ ነበር፤ ሰኞ ዕለት አርባ ሰው ፊት ቆሞ፣ እንዲህ ያለ ወታደር ሲያጋጥማችሁ አትደንግጡ የሚል ወረቀት አነበበ። የደነገጠ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። ጥያቄ አለ ወይ ሲል ፕሩዊት እጁን አወጣ።

"አለቃ፣ ታዲያ ወይዘሮ ቦኒ እንዴት ሊሆኑ ነው?"

ሳቁ እኔ የምወለውለው ኮሪደር ድረስ መጣ። ታኬት ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ልጠርግ ስገባ ፍሬሙን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"ኦርቪል" አለኝ፣ "ሕጉ መውደድን ፈቀደ እንጂ መዋሸትን አልፈቀደም። ነገ እሷን ካወጣሁ ዘጠኝ ዓመት አለቆቼን ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ለጡረታዬ የቀረኝ አሥር ወር ነው። ካላወጣኋት ደግሞ ኤመሪ ዛሬም የአጎቴ ልጅ ነው። ትናንት ማታ፣ አሁንስ በምን ታሳብባለህ አለኝ።"

እኔ ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል። መወልወያዬን እያየሁ፣ "አለቃ፣ ዘጠኝ ዓመት አቧራዋን ጠርጌያለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላረጀችም" አልኩት። "እኔ አጽጂው እንኳ ከገባኝ፣ የተዋሸው ማነው?"

ከዚያ ፍሬሙን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ገባ። ፍሬሙን ቦታው ላይ አቆመው፤ ውስጡ አሁን ኤመሪ የአውቶቡሱን በር ተደግፎ፣ አፉን ሞልቶ ሳንድዊች ያኝካል። ሻምበል ሬንፍሮ ቡናቸውን ይዘው ሲያልፉ አዩት። ቆሙ። ፎቶውን አዩ፣ ታኬትን አዩ፣ ከዚያ እንደ ልማዳቸው "ቤተሰብ ደህና?" አሉ።

ታኬት ወንበር ሳበላቸው። ከኤመሪ ጉልበት ሕመም ጀመረ፤ ወደ ማንኮራፋቱ አለፈ፤ የቤታቸው ጣሪያ ለምን ሁለት ክረምት ሳይጠገን እንደቀረና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከነምስክሩ አስረዳ። ሻምበሉ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ። ቡናቸው ቀዘቀዘ። ታኬት ገና ወደ አማቱ አልደረሰም ነበር።