አሳማ የሌለበት ካርድ ፍለጋ

ለሰው ስጦታ መምረጥ አልችልበትም። አሶሳ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ፤ የሰው ድርሰት አምጡልኝ፣ ቁጭ ብዬ አቀናለሁ። ዕቃ ግዢ ሲሉኝ ግን ራስ ምታቴ ይነሳል። በቅርቡ አንድ ጥቅል ካርድ ለመምረጥ አምስት ሳምንት ፈጀሁ፤ ቤተሰቤን ሰላም ነሳሁ፤ በመጨረሻም አበላሸሁት።

ስጦታው ለጓደኛዬ ነበር። እሷ የዚሁ የአሶሳ ሰው፣ በብሔረሰቧ በርታ ናት፣ የነጋዴ ልጅ። ሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ ባለው ትምህርት ቤት ሕፃናት ታስተምራለች። ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ አርብ ትመለሳለች። ከመናኸሪያ በቀጥታ የምትመጣው እኛ ቤት ነበር። ነበር ያልኩት ሦስት ወር ሙሉ ቀርታብኝ ስለነበር ነው።

ለምን እንደቀረች አውቃለሁ። ከአክስቶቿና ከካምፑ እናቶች የሰማቻቸውን ተረቶች ሁለት ዓመት በአማርኛ ስትጽፍ ከርማ፣ ለልጆች መጽሐፍ ይሆናል ብላ ደብተሩን እንዳየው ሰጠችኝ። ማየት ብቻ አልበቃኝም። ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። ዓረፍተ ነገሩን አቃናሁ፤ እሱስ ባልከፋ። ጅብ እናትን የሚበላበት ተረት ለሕፃን አይሆንም ብዬ ጅቡ ይቅርታ ጠይቆ እንዲሄድ አደረግኩ። ሁለት ተረት ደግሞ ጨካኝ ናቸው ብዬ ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩ። ጓደኛዬ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና ጠረጴዛዬ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ኻላስ፣ በቃ፣ ያንተ ሆኗል። ያዘው» አለችኝ። አማርኛ የአፍ መፍቻዋ ስላልሆነ እኔን ሴቲቱን አንተ ነው የምትለኝ፤ ዓመታት ተቆጥቼ ተቆጥቼ ተውኩት።

ብንጣላ ይሻል ነበር። መንገድ ላይ ሰላም ትለኛለች፣ ስለ እናቴ ጤና ትጠይቀኛለች፣ ትሄዳለች። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ደግሞ ለእኔ ጥርስ እንደ መነቀል ነው። ስለዚህ ስጦታ ይናገርልኝ አልኩ።

ምን እንደምትወድ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ካምፑን ልትጎበኝ የመጣች ፈረንጅ ታሮት ይዛ ነበር። ታሮት ፈረንጆች ዕድል የሚያነቡበት ባለ ሥዕል ካርድ ነው፤ ሰባ ስምንት ናቸው። የሴትየዋ ካርድ ሥዕሉ ሁሉ ከተረት የተወሰደ ስለነበር ጓደኛዬ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ተዋሰችና ልጆቹ አንዳንድ ካርድ እያነሱ ተረት እንዲያወሩ አደረገች። ደወል ሲደወል አንድም ልጅ አልወጣም። ሴትየዋ ስትሄድ ካርዱም ሄደ፤ ጓደኛዬ ግን ዓመት ሙሉ ስታነሳው ኖረች። ሀራም አይደለም ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ዕድል ሲነበብበት ሀራም ነው፣ እኔ ተረት ነው የማነብበት ብላኛለች።

አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው አገኘልኝ። ባለ ተረት ካርድ ሦስት ዓይነት አለ ተባልኩ። የመጀመሪያው ሥዕል ከላይ ወደ ታች እየተጫነ መጣ። ዘውድ ያደረገች ቆንጆ ልጅ ናት። ደስ አለኝና ይኼው ነው ብዬ ጻፍኩለት። ኔትወርኩ ተቋርጦ ሲመለስ የቀረው ሥዕል ወጣ፤ ከአንገቷ በታች ምንም አልለበሰችም። ወንድሜ ክፍያ ሊፈጽም ሲል ነው በስልክ ጮኼ ያስቆምኩት።

ሁለተኛው ላይ ሦስት አሳማዎች አሉ። ጓደኛዬ ሙስሊም ናት፣ ልጆቹም አብዛኞቹ እንደዚያው። አይሆንም አልኩት። ወንድሜ ሱሪ ለብሰዋል እኮ አለኝ። አሳማ ሱሪ ስለለበሰ ምን ሊሆን ነው? ስልኩን ዘጋሁበት።

ሦስተኛው ላይ አሳማም ራቁትም የለም። ግን ፈረስ ላይ የተቀመጠ አጽም አለ፤ ሞት ማለት ነው። ተዘቅዝቆ የተሰቀለ ሰው አለ፣ ሰይጣን አለ፣ ሰዎች የሚወድቁበት የሚነድ ግንብ አለ፣ የአሮጊት ሻሽ አስሮ አልጋ ላይ የተኛ ተኩላ አለ። እነዚህ ከጦርነት የሸሹ ልጆች ናቸው። ሞትና ሰይጣን የሌለበት ፈልግልኝ አልኩት። ሻጩን ጠየቀና እንደዚያ ያለ ታሮት በዓለም ላይ የለም ተባለ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ትዕግሥቱ አለቀ። ካርድ ነው ወይስ ባል የምትመርጪው ብሎኝ፣ ሦስተኛውን ገዝቶ በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ሰጠልኝ። ለድካሙ አንድ ካርቶን ማንጎ አስላከኝ።

ካርዱ ቤት ሲደርስ ደግሞ እናቴ ተነሳችብኝ። በደርግ ጊዜ በሠፈራ ከወሎ መጥታ እዚህ ያረጀች ሴት ናት፤ ብዙ ችላለች፣ ይህን ግን አልችልም አለች። የጠንቋይ ዕቃ ቤቷ አያድርም። አጽሙን ስታይማ ምድጃ ውስጥ ልትጨምረው ተነሳች። ነጥቄ መኝታ ቤት ገባሁ፣ በሩን ቆለፍኩና ሰባ ስምንቱን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ መምረጥ ያዝኩ። አጽሙን አወጣሁ። የተሰቀለውን፣ ሰይጣኑን፣ ግንቡን፣ ተኩላውን፣ ሰይፍ የተሰካባቸውን ሁሉ አወጣሁ። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። እናቴ እንዳታቃጥላቸው በፖስታ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። የቀሩት አማሩኝ፤ በሥራዬ ኮራሁ።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ጓደኛዬ የሸርቆሌው ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጣለች። ጥቅሉን በመስኮቱ ሰጠኋት። ስትከፍተው ፊቷ በራ፤ ከሦስት ወር በኋላ ያየሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር። ከዚያ እጇ ቆመ። ካርዶቹ ቁጥር እንዳላቸው እኔ ልብ አላልኩም።

«ከአሥራ አንድ ቀጥሎ አሥራ አራት?» አለች።

ለልጆቹ አስቤ ነው አልኳት። ብዙ ነገር አይተዋል፣ ደግሞ በሥዕል ለምን ይዩት አልኳት። ካርዶቹን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ልጆቹ ያየውን ነው የሚያወራው። አንተ ካርዱንም አረምክ።»

ደሜ ፈላ። አምስት ሳምንት ሙሉ የደከምኩትን ዘረዘርኩላት። ኔትወርኩን፣ አሳማውን፣ ማንጎውን፣ እናቴን፣ አንድም አልተውኩም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ስጨርስ የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀረና አፈርኩ። ፖስታውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት።

የመጀመሪያውን ካርድ መዘዘች። ሻሽ ያሰረው ተኩላ ነው። «ጅብ» አለች፣ ደስ ብሏት። ተኩላ ነው ልል አፌ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት።

ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። «ደብተሬንም እንደዚህ አምጣልኝ» አለችኝ በመስኮቱ። «የጎደለው ሁሉ ይግባ።»

ቀይ ቀለም አይለቅም። አዲስ ደብተር ገዛሁና ከቀዩ ሥር እሷ የጻፈችውን ፊደል በፊደል እየለቀምኩ እገለብጣለሁ። በየመስመሩ እጄን ይበላኛል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልጨመርኩም፤ እንዴት እንደሚያናድድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ትናንት አራተኛው ተረት ላይ ደረስኩ። ጅቡ መጣ፣ በሩን አንኳኳ፣ እናቲቱም ከፈተችለት። እስክሪብቶውን አስቀምጬ እንደገና አነሳሁት። ከዚያ እሷ እንደጻፈችው ጻፍኩ፤ በላት።